የተደገመ መጽሐፍ ይቆጠራል ወይ?

ጳጉሜን 3 ማታ ተረኛ ነበርኩ። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ እኔና የሚያጓራው ማቀዝቀዣ ብቻ ነን። ባለ 50 ሉክ ደብተሬን ከመሳቢያ አወጣሁና ዓመቱን ቆጠርኩ። ከዚያ የመጽሐፍ ወዳጆች የምንሰበሰብበት መድረክ ላይ አንድ ጥያቄ ለጠፍኩ። ቢበዛ አምስት ሰው ይመልሳል ብዬ ነበር። 43 መልስ መጣ። ዘግይታችሁ የደረሳችሁ ሰዎች ከየት እንደምትጀምሩ ግራ ገብቷችሁ በውስጥ መስመር ስለጠየቃችሁኝ፣ የሆነውን ልንገራችሁ።

ጥያቄዬ ይህ ነበር።

ፋንታሲ ወዳጅ ነኝ፤ ጠንቋይና ዘንዶ ያለበትን ምናባዊ ልብ ወለድ ማለቴ ነው። ሌላ ብዙም አላነብም፤ አላፍርበትምም። በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም 1 ጀምሮ የከፈትኩትን መጽሐፍ ሁሉ መዘገብኩ። የጀመርኩበት ቀን፣ የጨረስኩበት ቀን፣ ያነበብኩበት ቦታ። 22 ሆነ። 9ኙ አዲስ ናቸው። 4ቱን መሀል ላይ ጣልኳቸው። የቀሩት 9ኙ ግን ቀድሜ ያነበብኳቸው ናቸው፤ አንዳንዶቹን ሦስቴ፣ አራቴ። ጓደኛዬ ደብተሩን ገልጣ አየችና ያነበብሽው 9 ብቻ ነው ብላ ፈረደችብኝ። ከነከነኝ።

ዓመቱ እንዲህ ነው ያለፈው። መስከረምና ጥቅምት ባዶ ናቸው። የታናሽ ወንድሜ ምዝገባ፣ ደንብ ልብስ፣ ደብተር፣ ወጪ በወጪ። ኅዳርና ታኅሣሥ ተረኛ ሌሊት ስለበዛብኝ በጋቢ ተጠቅልዬ ከባንኮኒው ጀርባ አራት መጽሐፍ ጨረስኩ። ሁዳዴ ላይ ደግሞ 55 ቀን ሙሉ ምንም የለም። እናቴ ጠንቋይ ያለበት መጽሐፍ በጾም ቤቷ ውስጥ እንዲታይ አትፈልግም። አንዴ በጋዜጣ ሸፍናልኝ አግኝቻለሁ። ከፋሲካ በኋላ ተበቀልኩ።

ሐምሌ ሲገባ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ይጀምራል፤ መብራት ይሄዳል። ያኔ በየዓመቱ የማደርገውን አደርጋለሁ። የቶልኪንን «የቀለበቶቹ ጌታ» የመጀመሪያ ቅጽ ከአልጋዬ ሥር አወጣለሁ። ከአራት ዓመት በፊት ለገሃር አካባቢ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ነው የገዛሁት። ጀርባው ተገንጥሎ ስለነበር በቁስል ፕላስተር አጣብቄዋለሁ። ዘንድሮ አራተኛዬ ነው። ደግሞ ጎዶሎ ነው፤ ከገጽ 208 ቀጥሎ የሚመጣው 225 ነው። 208 ላይ ዋናው ባለታሪክ ፍሮዶ እንግዳ ማረፊያው ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ይዘፍናል። 225 ላይ ብዙ የተኬደበት ቦት ጫማ ያደረገ ረጅም ሰውዬ ክፍላቸው ውስጥ ተቀምጧል፤ የሆነ ደብዳቤ ተነቧል፤ ሊያምኑት ትንሽ ቀርቷቸዋል። መሀል ላይ ምን ሆነ? እኔ በየክረምቱ የራሴን ስሪት እፈጥራለሁ። አምና ደብዳቤውን ያመጣችው ጠላ ሻጭ ነበረች። ዘንድሮ የበረቱ ልጅ ነው።

እንግዲህ ይሄ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም?

1ኛው መልስ እንኳን አደረሰሽ ብሎ፣ አበባ ልኮ ሄደ። 2ኛው ከሐዋሳ ነው። ይቆጠራል አለ። አንዴ የተነበበ መጽሐፍ ግማሹ ነው የተነበበው፤ መጀመሪያ ላይ ዓይን ወደ መጨረሻው ስለሚሮጥ መንገዱን አያይም ሲል አስረዳ። ደስ አለኝ። ደስታዬ አሥር ደቂቃ አልቆየም።

3ኛው ኦዲተር ነው፤ አነጋገሩ ያስታውቃል። አንድ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ አይመዘገብም አለና አለቀ። ሰላምታ የለ፣ ስንብት የለ። 4ኛዋ ወዲያው ገባችበት። ትናንት እንጀራ በልቼአለሁ ብለህ ዛሬ ጾምህን ታድራለህ ወይ ብላ ጠየቀችው። ለዚህ መልስ አልሰጠም። እስከ መጨረሻው ድረስ ግን ክሩን፣ ማለትም የመልሶቹን ሰንሰለት፣ እየተከታተለ እንደነበር በኋላ ታያላችሁ።

5ኛው እኔን አረመኝ፤ በትሕትና ነው። የመጀመሪያ ቅጽ ያልኩት ራሱን የቻለ መጽሐፍ አይደለም። ደራሲው የጻፈው እንደ አንድ ሥራ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወረቀት ተወዶ ስለነበር አሳታሚው ሦስት ላይ ከፍሎ በ1954 እና በ1955 እ.ኤ.አ. አወጣው። ስለዚህ እኔ በየክረምቱ የማነበው የአንድ መጽሐፍ ሲሶ ነው። 6ኛው ደግሞ ራሱ ደራሲው ስድስት መጽሐፍ ብሎ እንደከፈለው አስታወሰ፤ በዚህ ስሌት የእኔ ሲሶ ሁለት መጽሐፍ ይሆናል። ደብተሬን አየሁት። 22 የሚለው ቁጥር ሲቀልጥ ታየኝ። 7ኛው ሳቀ፣ ያው የሳቅ ምልክት ብቻ።

8ኛው ላይ ነገሩ ዞረ። ቨርጂኒያ የሚኖር ወንድማችን ነው፤ ፓርኪንግ ውስጥ ይሠራል። መጽሐፍ በእጁ አይዝም፤ በጆሮው ነው የሚያነበው። የካውንቲው ቤተ መጻሕፍት በስልክ በነፃ ያውሰዋል፤ ወረፋው ግን ሳምንታት ይፈጃል። ዓመቱን ሙሉ አንድ ተከታታይ ላይ ነበር። «የጊዜ ጎማ» የሚባለው፣ 14 ቅጽና አንድ መቅድም ያለው። የመጀመሪያው ብቻ 30 ሰዓት ገደማ ያስኬዳል፤ በእሱ ቆጠራ ሦስት ፈረቃ ማለት ነው። ደራሲው ሮበርት ጆርዳን በ2007 እ.ኤ.አ. 11ኛው ላይ ሲሞት፣ የቀሩትን ሦስቱን ብራንደን ሳንደርሰን ከማስታወሻዎቹ ተነስቶ በ2013 እንደጨረሰው ነገረን። 11ኛውን ጨርሶ 12ኛውን በጀመረ ሌሊት፣ የተራኪዎቹ ድምፅ ያው ሆኖ ሳለ አንድ ነገር እንደጎደለ ተሰምቶት የመኪና ቁልፍ አሳስቶ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ነበር። ጥያቄው ታዲያ የተደገመ ሳይሆን የተሰማ ይቆጠራል ወይ የሚል ነው።

ከዚህ በኋላ የእኔ ጥያቄ ተረሳ። ከ9 እስከ 14 ድረስ ስለ ጆሮ ብቻ ነው የተወራው። 9ኛው ማዳመጥ ማንበብ አይደለም አለ፤ ዓይን ያልሠራበት ነገር ሬዲዮ ነው። 10ኛዋ በዕድሜ ገፋ ያሉ ናቸው መሰለኝ፤ አንቱ ልበላቸው። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ እናታቸው ቡናውን አቁመው ያዳምጡ እንደነበር ጻፉ። ፊደል አልቆጠሩም። ግን ስለ ሰብለ ወንጌል ሲነሳ ከተማሩት ልጆቻቸው በላይ ያውቁ ነበር። ጎረቤት ስትሳሳት ያርሙ ነበር። 11ኛው ይህን አንብቦም ከአቋሙ ፈቀቅ አላለም፤ ሰምተዋል እንጂ አላነበቡም አለ፤ ያውም በደረቁ። ትንሽ አፍሬለታለሁ። 12 ላይ የቨርጂኒያው ተመለሰ፤ ተናዷል። መጽሐፍ በእጁ ይዞ ቢገኝ በማግስቱ ሥራ እንደሌለው፣ ደብዳቤው ከአለቃው እንደሚመጣ፣ ቤት ኪራዩን ደግሞ 9ኛውና 11ኛው እንደማይከፍሉለት ጻፈ። 13 ላይ 9ኛው ይቅርታ ጠየቀ። 11ኛው አልጠየቀም። 14ኛዋ ቡና አፈላሁ፣ ኑ ጠጡ ብላ አበረደችው።

15ኛው ወደ ሁዳዴው ተመለሰ። አገልጋይ ናቸው፤ ረጋ ያለ አጻጻፍ። እናትሽ ልክ ናቸው አሉ። መጽሐፉ ኃጢአት ስለሆነ ሳይሆን፣ በጾም ሐሳብ መሰብሰብ አለበት። ይህን ተቀብዬ ነበር። 16ኛው ግን ገነፈለ። ፋንታሲ የሚባለው ነገር በሙሉ ጥንቆላ ነው፤ የፈረንጅ ሰይጣን ማሞገሻ ነው፤ ይህን የሚያነብ ሰው ልጁን ምን ሊያስተምር ነው የሚል ረጅም ጽሑፍ፣ ግማሹ በአጋኖ ምልክት። 17ኛው አንድ ነገር ብቻ ነገረው። ቶልኪን አጥባቂ ካቶሊክ ነበር፤ ወዳጁን የ«ናርኒያ»ን ደራሲ ሲ ኤስ ሉዊስን ወደ ክርስትና ከመለሱት ሰዎች አንዱም እሱ ነው። ሁለቱም ኦክስፎርድ አስተማሪዎች ነበሩ። 16ኛው አልተመለሰም። 18ኛው የልጅነቱን ነገር አመጣ። ዘንዶን መጀመሪያ ያየው በፈረንጅ መጽሐፍ አይደለም። የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ላይ ነው፤ ነጩ ፈረስ ሥር፣ ጦሩ ሰውነቱ ላይ ተሰክቶ። ቅዳሴው ሲረዝምበት የዘንዶውን ቅርፊት ይቆጥር ነበር። በየሳምንቱ ያው ሥዕል። አንዴም ሰልችቶት አያውቅም።

19ኛውን ልዝለለው፤ ስለ መነጽር ዋጋ ነው።

20ኛው ለእኔ የክሩ እምብርት ነው። የጎጃም ሰው ናቸው። አባታቸው ንባብ ቤት የተማሩ፣ ዳዊት የማይለያቸው ሰው ነበሩ። 150ውን መዝሙር በየዕለቱ ከፋፍለው በሳምንት ይጨርሳሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና። ዳዊቱ ማህደር ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ የቆዳው ጫፍ በጣታቸው ወዝ ጠቁሮ ነበር። ስድሳ ዓመት። ማንም መጥቶ አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው ያነበቡት ብሏቸው አያውቅም። ሰው የሚለው ዳዊት ደገሙ ነው። አነበቡ አይደለም፤ ደገሙ። ቋንቋው ራሱ መልሱን ሰጥቶሻል፣ ልጄ፣ አሉኝ።

ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ስለው የኖርኩት ቃል ነው። አንድም ቀን ከፍቼ አላየሁትም።

21ኛዋ ቀጠለችበት። ድግምትስ? አለች። ጠንቋዩ የሚደግመው ድግምት፣ አባትየው የሚደግሙት ዳዊት፣ እኔ በክረምት የምደግመው መጽሐፍ፣ ሁሉም ከአንድ ግንድ የበቀሉ ናቸው። 22ኛው ዳግማይ ትንሣኤን ጨመረ፣ ዳግማዊ ምኒልክን ጨመረ። 23ኛው ከአገልጋዩ ዘንድ የመጣ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ቃሉ አንድ ስለሆነ ነገሩ አንድ አይደለም፣ ዳዊትንና ድግምትን በአንድ ሙቀጫ አትውቀጡ አሉ። ልክ ናቸው። ግን እስቲ አስቡት፤ አንድን ነገር ደጋግመው ቢሉት ዓለም ይለወጣል ብሎ ማመን፣ የፋንታሲ መጽሐፍ ሁሉ የቆመው እዚህ ላይ አይደል? 24ኛው ይሄ የሰዋስው ክፍል ሆነ እንዴ፣ ወደ መጽሐፉ እንመለስ አለ።

ተመለስን። የጣልኳቸው አራቱ የትኞቹ እንደሆኑ ተጠየቅኩ። አልናገርም፤ ሦስቱን ያዋሱኝ ሰዎች እዚሁ ክር ውስጥ አሉ። ከዚያ የማያልቁ ተከታታዮች ላይ ተወረደ። የጆርጅ ማርቲን «የበረዶና የእሳት መዝሙር» የሚባለው ተከታታይ የመጀመሪያው ቅጽ በ1996 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ አምስተኛው በ2011። ስድስተኛው እስካሁን አልወጣም። 26ኛው ደራሲው ጽፎ ያልጨረሰውን እኔ አልጀምርም ብሎ ማለ። ያላለቀ ተከታታይ መጀመር ሰብሳቢው የጠፋበት ዕቁብ ውስጥ መግባት ነው አለ። 27ኛዋ ግን በየሁለት ዓመቱ አምስቱንም ትደግማለች። ስድስተኛው ካልመጣ ዕዳው የእሱ እንጂ የእኔ አይደለም ባይ ናት። ይህችን ሴት ወደድኳት።

29ኛው ፒዲኤፍ ሲጠይቅ ጠብ ተነሳ። ሁለት ሰው ሌባ አለው። እሱ ደግሞ የአንድ መጽሐፍ ዋጋ ከደመወዙ ስንት እጅ እንደሆነ ጻፈ። ሁለቱም ወገን እውነት አለው፤ አስተባባሪው ግን ሦስት መልስ ላይ ዘጋው።

33ኛው እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ ሲከታተል የቆየ ሰው ነው። ማተሚያ ቤት ጥራዝ ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቷል። የጎደሉት ገጾች ከ209 እስከ 224 ከሆኑ ልክ 16 ናቸው አለ። ማንም ቀዶ አልወሰዳቸውም። አንድ ትልቅ ወረቀት በሁለቱም በኩል ይታተምና ሦስቴ ሲታጠፍ 16 ገጽ ይወጣዋል። 208ን ለ16 አካፍዪው፤ 13 ይመጣል፣ ትርፍ የለውም። ስለዚህ 13ቱ እጥፎች በቦታቸው ናቸው፤ 14ኛው ሲሰበሰብ ተዘሏል። እሱ ራሱ በወጣትነቱ በአንድ ሌሊት እንዲህ ያለ ስህተት ሠርቶ ያውቃል፤ ሬዲዮ ላይ ጨዋታ እየሰማ። መጽሐፉን ገልጬ ጀርባውን አየሁት። ፕላስተሬ ሥር፣ በ208 እና በ225 መካከል፣ የተቀደደ ወረቀት ጠርዝ የለም። እነዚያ ገጾች እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ኖረው አያውቁም። የሆነ ሰው ቀዶ ወስዷቸዋል ብዬ ስንት ጊዜ ረግሜአለሁ።

34ኛው ትዕግሥቱ አልቆ ፊልሙን አላየሽም ወይ አለኝ። አይቻለሁ፤ በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣውን። 35ኛዋ እኔን ተክታ መለሰችለት። ፊልሙ ላይ ፍሮዶ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ አይዘፍንም፣ ደብዳቤውም የለም፤ ስለዚህ ፊልም ያየ ሰው እነዚያን 16 ገጾች አላነበበም። ደግሞም አለች፣ በዚያው ፊልም ላይ ጠንቋዩን ሳሩማንን ሆኖ የተወነው ክሪስቶፈር ሊ መጽሐፉን በየዓመቱ ይደግመው ነበር። ለእሱ ደረሰኝ የጠየቀው አልነበረም። ይህች መጨረሻ ላይ ያለችው ለ3ኛው የተላከች ናት።

36ኛው ያልተጠየቀውን አደረገ። የጎደሉት ገጾች ላይ የሆነውን ሁሉ ዘርዝሮ ጻፈ። ፍሮዶ የሚለውን ቃልና ወዲያው ሦስት መስመር እንዳየሁ ስልኩን ገለበጥኩ። አስተባባሪው እስኪሰርዘው ድረስ አልከፈትኩትም። 37 እና 38 እሱን ሲወቅሱ የዋሉ ናቸው፤ 38ኛው ከልክ አልፏል፣ እናቱን ማንሳት አልነበረበትም።

39 ላይ ደግሞ የቨርጂኒያው መጣ። የ208ን የመጨረሻ መስመርና የ225ን የመጀመሪያ መስመር ላኪልኝ አለኝ። ላክሁለት። የሱ ቅጂ ሌላ ኅትመት ስለሆነ የገጹ ቁጥር አይገጥምም፤ መስመሩን ይዞ ነው የሚፈልገው። እሑድ፣ ዕረፍቱ ቀን፣ ቤተ መጻሕፍት ሄደ። መጽሐፍ በእጁ ሲይዝ ከስንት ዓመት በኋላ እንደሆነ አላስታውስም አለኝ። 7 ፎቶ ላከ፤ በውስጥ መስመር። 40ኛው፣ ያ ፒዲኤፉ ላይ ሌባ ሲል የነበረው ነው፣ ይሄስ ስርቆት አይደለም ወይ አለ። 41ኛው፣ ሌባ የተባለው፣ መጽሐፉን ገዝታዋለች፣ 16 ገጽ ዕዳ አለባቸው አለ። 42ኛዋ ያች ቡና አፍይ ናት፤ ሁለተኛ ደረሰ አለች።

43 የኦዲተሩ ነው። ከ3 በኋላ የመጀመሪያ ቃሉ። ፎቶዎቹን ብታነቢ በየትኛው ሒሳብ ትይዣቸዋለሽ አለኝ፤ በአዲስ ነው በተደገመ? አራት ጊዜ ጨረስኩት ያልሽው መጽሐፍስ ስንቴ ተነቧል ልንል ነው? የሚያሾፍ መስሎኝ ነበር። ከስሩ ግን እሱም በየዓመቱ የሚደግመው አንድ መጽሐፍ እንዳለው ጻፈ። ስሙን አልነገረንም።

አልመለስኩለትም። አሁንም ተረኛ ነኝ። የመጀመሪያውን ፎቶ ከፈትኩት። የቨርጂኒያው አውራ ጣት ጥግ ላይ ይታያል፤ እንደ ዕልባት የተሰካ የፓርኪንግ ትኬትም አለ። ገጹ መሀል ላይ የእኔ 208 የሚያልቅበት መስመር አለ። እስከዚያ ድረስ በቃሌ አውቀዋለሁ። ከዚያ በታች ያለውን በመዳፌ ሸፍኜዋለሁ።

በሩ ተንኳኳ። አንድ አባት ለልጅ ሽሮፕ ፈልገው መጥተዋል፣ ትኩሳት ነው አሉ። ስልኩን ገልብጬ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩና ክብደቱን ጠየቅኳቸው።